እትዬ አሰገደች ዋይፋዩን የነቀሉ ዕለት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ነው። የማልረሳው ላፕቶፔ ስለተበላሸ አይደለም፤ ላፕቶፑ የማይበላሽበት ማን አለ? የማልረሳው ከዚያ ጣጣ ያወጣችኝ ሴት እኔን ለመጉዳት የተነሳችው ሴት ስለሆነች ነው። እስከ ዛሬ ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ልስቅም ልናደድም ይቃጣኛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ንዴቱ ነው።

ያኔ ዘነበወርቅ፣ እትዬ አሰገደች የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። እትዬ አሰገደች በረንዳቸው ላይ፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት የማትነሳ ወንበር አለቻቸው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ይዞ ገባ፣ ለምን ዘገየ፣ አንዱም አያመልጣቸውም። ልብስ ሳጥብ «ውሃውን ጨረሽው» ይሉኛል። ሳላጥብ ስቀር ደግሞ «የዘንድሮ ሴት እኮ» ብለው ለአየሩ ያወራሉ። እንግዳ ከመጣብኝ ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ እስኪሄድ ይጠብቃሉ። እኔም መልአክ አይደለሁም፤ መልስ አጥቼ አላውቅም።

ኪራዩ ዋይፋይ ይጨምር ነበር። መሣሪያው የሚቀመጠው እሳቸው ሳሎን መስኮት ላይ ነው፣ ዳንቴል ለብሶ። ጥፋት ከተገኘ ፍርዱ ፈጣን ነው፤ ሶኬቱ ይነቀላል። የግቢውን በር ሳይቀረቅር የወጣ ካለ ዋይፋይ የለም። ቧንቧ ሳይዘጋ የሄደ ካለ ዋይፋይ የለም። አንዱ ባጠፋው ግቢው በሙሉ ይቀጣል፤ ከዚያ ተከራዩ ሁሉ እርስ በርሱ ይናቆራል። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ያያሉ።

እኔ የተማርኩት የሕንፃ ንድፍ ነው። ሥራ ፈትቼ በቆየሁበት ጊዜ ሳንሱሲ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ሶፋ ላይ ነበር የማድረው። ቀን ልጆቹን እጠብቃለሁ፤ ማታ ሚስቱ ሶፋው እንዴት እንደጎደጎደ ታወራለች። ክፍል የተከራየሁት ከዚያ ለማምለጥ ነው፤ የነበረችኝም ጥሪት እያለቀች ነበር። በዚያን ሳምንት አንድ የንድፍ ቢሮ ሙከራ ሰጠኝ። የአንድ ጂ ፕላስ ቱ ቤት ፕላን ሠርቼ ዓርብ እስከ ምሳ ሰዓት መላክ አለብኝ። ከወደዱት ቋሚ እሆናለሁ፣ ያውም ከቤቴ እየሠራሁ። ካልወደዱት ወደ ሶፋው ነኝ።

ወንድሜ ደውሎ «አትጨነቂ፣ ካልሆነልሽ ሶፋው ቦታው ላይ ነው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። እኔ ግን እንደ ማስፈራሪያ ነው የሰማሁት።

ሰኞ ጠዋት ጀመርኩ። የቢሮው ሰዎች ሥራዬን እንዲያዩት እየሠራሁ በኢንተርኔት ወደ እነሱ ይሄዳል። የምድር ቤቱን ግድግዳዎች ጨርሼ ደረጃውን ስጀምር ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ሆነ። ያዘነ ፊት ብቅ አለ፤ ከሥሩ ችግር ገጥሞኛል የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ በታች በትንንሽ ፊደል የሆነ የፋይል ስም። ላፕቶፑ ራሱ ጠፍቶ ራሱ ተነሳ። ደረጃዬ የለም። ሴቭ ያላደረግሁት ሁሉ የለም።

እንደገና ሠራሁት። እንደገና ሰማያዊ። ከሁሉም ያናደደኝ ያ ያዘነ ፊት ነው፤ ሥራዬን እሱው በልቶ እሱው ያዝናል።

ላፕቶፑ ተንቀራፎብኝ ከጥቂት ቀናት በፊት አየር ጤና አንድ ጥገና ቤት ፎርማት አስደርጌው ነበር። የሠራልኝን ሰውዬ ደንበኞቹ «ኢንጂነር» ይሉታል፤ የት እንደተማረ ግን የሚያውቅ የለም። ላፕቶፑን ታቅፌ ወደ እሱ ሮጥኩ። ኢንጂነር ከፈተው፣ ውስጡ ያለ ፊልም አስጀመረበት፣ እጁን አጣጥፎ አየኝ። ምንም አልሆነም። ፕላኔን ከፍቼ መስመር በመስመር ላይ ደረደርኩ። ምንም አልሆነም። ያ ከሃዲ ላፕቶፕ እሱ ፊት እንደ ጨዋ ልጅ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ።

«አየሽ? ዕቃሽ ጤነኛ ነው» አለኝ።

«ቤት ስወስደው ግን ይጠፋል አልኩህ!»

«እንግዲያው የታመመው ቤትሽ ነዋ። የመብራት መስመሩ ነው።»

ባትሪው ከሞተ ስለቆየ ላፕቶፑ ያለ ቻርጀር አይነሳም፤ ስለዚህ ያለው ነገር እውነት መሰለኝ። ቤት ተመልሼ ሰካሁት። ወንበሬን እንኳ ሳላስተካክል ሰማያዊ።

ማክሰኞ እንደገና ወሰድኩት፤ እንደገና እሱ ፊት ጨዋ ሆነ። ይህን ጊዜ ኢንጂነር ሱቁን የሞሉትን ደንበኞች እያየ፣ «እህቴ፣ እኔ ላፕቶፕ ነው የምጠግነው፤ የሰው ቤት አልጠግንም» አለ። ሳቁብኝ። አንዱማ እያየኝ ጭኑን መታ። ላፕቶፔን ከጠረጴዛው ላይ መንጭቄ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ጥርሴን ስነክስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ፈንጠር ብላ ተቀመጠች።

ረቡዕ ጠዋት ሥራው ገና ግማሽ አልደረሰም። ቃላቴን መርጬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ በረንዳው ሥር ቆምኩ።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ። የኔ ክፍል የመብራት መስመር ትንሽ ችግር ያለው ይመስለኛል። ኤሌክትሪሺያን ቢያየው ብዬ...»

መጨረስ አልተፈቀደልኝም።

«ማነው ችግር አለው ያለው?»

«ኮምፒዩተሬን የሚሠራው ሰውዬ ነው።»

«እኔን ስሚኝ! የዚህን ቤት መስመር የዘረጋው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። በገዛ እጁ! በክረምት፣ እግሩን እያመመው፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ! እሱ ካረፈ ወዲህ አንድ አምፖል እንኳ ተቃጥሎ አያውቅም። አሁን አንቺ ተነስተሽ የሞተ ሰው ስም ታጠፊያለሽ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሰው የሞተበትን ሰው አይከራከሩትም። ግን «አንድ አምፖል እንኳ» ሲሉ አላስቻለኝም።

«የሽንት ቤቱ አምፖል ከገና ጀምሮ አይበራም እኮ፣ እትዬ» አልኩ።

እትዬ አሰገደች ከወንበራቸው ተነሱ። ያቺን ወንበር ባዶዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ወደ ውስጥ ገቡ፤ በሩም በላዬ ላይ ተዘጋ። የቀረውን ቀን ሰማያዊውን ስክሪን እየተራገምኩ፣ የሠራሁትን መልሼ እየሠራሁ አመሸሁ። አንድ ደረጃ ይህን ያህል ጊዜ የወጣ ሰው የለም።

ሐሙስ ጠዋት ላፕቶፔን ስከፍት ዋይፋይ የለም። ወጥቼ በመስኮታቸው ሳይ መሣሪያው ላይ አንድም መብራት አይታይም። ገመዱ ተጠቅልሎ ዳንቴሉ ላይ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ነገ እኮ ሥራ የማስረክብበት ቀን ነው!»

«መስመሩ የተበላሸ ከሆነ ዋይፋዩስ በምን ይሠራል?» አሉ ከወንበራቸው። «እስከ ዛሬ የተጠቀምሽው በባሌ መስመር ነው። ካልተስማማሽ ደህና መስመር ያለበት ሄደሽ ተጠቀሚ።»

የምመልሰው አላጣሁም ነበር፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ሌሎቹ ተከራዮችም ወሬውን ሰምተው ሲያልፉ ሲያገድሙ ይገላምጡኝ ጀመር። ክፍሌ ገብቼ በሩን ወረወርኩት። ኢንተርኔት ባይኖርም መሣል አያቅተኝም። በንዴት መሥራት ጀመርኩ፤ ላፕቶፑም እየሠራሁ እስኪጠፋብኝ እጠብቅ ነበር። ሊበሉኝ ያደሙ መሰለኝ፤ ሴትዮዋም፣ ሰውዬውም፣ ዕቃውም።

ደረጃው ላይ ስደርስ ሴቭ አድርጌ ጠበቅሁ። አለፈ። መስኮቶቹን ጨረስኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወጣሁ። ጣሪያውን ስጀምር ነው ድንገት እጄን ያቆምኩት፤ ከጠዋት ጀምሮ ያን ያዘነ ፊት አላየሁትም።

ያው ክፍል ነው፣ ያው ሶኬት፣ የእትዬ አሰገደች ባል የዘረጉት ያው መስመር። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኢንጂነር ሱቅ ውስጥም ላፕቶፑ ላይ ፊልም አሳይቶበታል እንጂ ከዋይፋይ ጋር አገናኝቶት አያውቅም። ነገሩ ትንሽ ትንሽ ይገባኝ ጀመር። ግን ፈራሁ፤ ምንም ሳልነካ አጎንብሼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ዓርብ ጠዋት ፕላኑ አለቀ። አሁን መላክ ነው የቀረው። እትዬ አሰገደችን መለማመጥ ሞቴ ነው። ስልኬ ላይ ያለውን ኢንተርኔት ከፍቼ ለላፕቶፑ በዋይፋይ አጋራሁት። ተገናኘ። ፋይሉ መሄድ ጀመረ። ሰማያዊ።

ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ እኔም አላውቅም።

«ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አሉ እትዬ አሰገደች ከውጭ። ድምፃቸው ውስጥ ሐዘን አልነበረም።

እሱን ስሰማ ልቤ ረጋ አለ። ይሄ የሳቸው ዋይፋይ አይደለም፤ የገዛ ስልኬ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የሳቸውም መሣሪያ አይደለም፣ የመብራቱም አይደለም። ላፕቶፑ ኢንተርኔት በአየር ሲመጣለት ነው የሚሞተው። በአየር ካልቻለ በገመድ ልስጠው አልኩ። ዋይፋዩን ጨርሶ ዘጋሁበት። የስልኬን ቻርጀር ገመድ አውጥቼ ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁና ኢንተርኔቱን በገመዱ ላክሁለት። ፋይሉ መሄድ ጀመረ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ አየሁት። ግማሽ ደረሰ፤ አለፈ፤ ደረሰ። ምሳ ሰዓት ገና ነበር። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው ብል ውሸት ነው፣ አብዛኛው እልህ ነበር።

ያን ሰማያዊ ስክሪን ቀደም ብዬ በስልኬ ፎቶ አንስቼው ስለነበር፣ በማግስቱ ከታች ያለውን የፋይል ስም ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት። የዋይፋዩ ድራይቨር ሆኖ ተገኘ፤ ድራይቨር ማለት ላፕቶፑንና የዋይፋይ ካርዱን የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ኢንጂነር ፎርማት ሲያደርግልኝ የሌላ ዓይነት ካርድ ድራይቨር ጭኖብኝ ኖሯል። አንዱ የሚናገረውን ቋንቋ ሌላው አይሰማም፤ ሥራ ሲበዛባቸው ተጣልተው ቤቱን ይዘው ይወድቃሉ። የሱን አጥፍቼ ከአምራቹ ገጽ ላይ ትክክለኛውን ጫንኩ። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊ አላየሁም።

ዝም ብዬ የምተወው መሰላችሁ? አየር ጤና ሄድኩ። ሱቁ በሰው ሞልቶ ነበር፤ ደስ አለኝ። የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኩት።

«ዋይፋይ ዋይፋይ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ።

ይህን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ላፕቶፕ ይዞ ተራ ሲጠብቅ የነበረ አንድ ሰው ዕቃውን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ሲከት አይቼ ወጣሁ።

ሰኞ ከቢሮው ተደወለ። ቋሚ ሆንኩ። ለወንድሜ ደውዬ ሶፋውን ሽጠው አልኩት።

ከዚያ በረንዳው ሥር ሄጄ ቆምኩ።

«እትዬ፣ አመሰግናለሁ።»

«ለምኑ ነው ደግሞ?»

«ዋይፋዩን ስለነቀሉት። ባይነቅሉት ኖሮ ሥራዬን አላገኝም ነበር።» ላፕቶፑን ሲያጠፋው የነበረው ዋይፋይ ላይ ያለ ችግር መሆኑን አስረዳኋቸው።

ገላመጡኝ። የማሾፍ መስሏቸዋል። ግማሹ ማሾፍ ነበር፤ አልክድም።

«የጋሼም መስመር ምንም አልነበረበትም» አልኩ። ይህኛው ከልቤ ነበር።

«እሱንማ መች አጣሁት» አሉ።

ተነስተው ገቡ። ወዲያው በመስኮቱ የመሣሪያው አረንጓዴ መብራቶች ሲበሩ አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው በር ሳይቀረቀር ቢውል፣ ቧንቧው ሲፈስ ቢያድር፣ ያ ሶኬት ተነቅሎ አያውቅም። ተከራዮቹ ሴትዮዋ ንስሐ የገቡ መስሏቸው ተገረሙ። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እትዬ አሰገደች ነቅለው ዳግመኛ ሊጠቅሙኝ አልፈለጉም።

ጥቂት ሠርቼ ስደላደል ሌላ ቤት አገኘሁ። ዕቃዬ ሲጫን ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «ሂጂ፣ ዋይፋይ የማይገባበት ቤት ይግጠምሽ» አሉኝ። ሳላስበው «አሜን» አልኩ። ሁለታችንም ደንግጠን ተያየን፤ ለመሳቅ ግን ማናችንም አልቀደምንም።

አሁንም አልወዳቸውም። ጊዜው ሲርቅ ናፈቁኝ ብል ለጽሑፉ ያምር ነበር፣ ግን አልናፈቁኝም። እናቴ ጠዋት ስትጸልይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ትል ነበር፤ ልጅ ሆኜ ሰው እንዴት ይህን ይለምናል እያልኩ እገረም ነበር። ዛሬ እኔም እለምናለሁ። ብቻ ሌላ ግቢ ይሁንልኝ።