«ስዕል» ብዬ የጻፍኩት ማመልከቻ

የሞተ ሰው አይወቀስም የሚሉኝ አሉ። እኔ ይህን ሰው በሕይወት እያለም ወቅሼዋለሁ፤ አሁን የምጨምረው በጽሑፍ ማስፈሩን ብቻ ነው። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ነቀምቴ ይኖራሉ፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም።

በጃንሆይ ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። እሱ የትምህርት ቤታችን ምክትል ዳይሬክተርና የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። አንድ ነጋዴ የእህል መጋዘኑን አስጠርጎ፣ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጥሮ ፊልም ማሳየት ጀመረ። ቅዳሜ ከሰዓት የልጆች ነው ተባለ። ነጋዴው ግን የልጆች የሚባል ፊልም አልነበረውም። ለአዋቂ የሚያሳየውን ሽጉጥና እርቃን ጭፈራ ለልጆቹም ያሳያቸዋል።

ነገሩን ያወቅሁት አንድ ሰኞ በእረፍት ሰዓት ነው። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ተማሪዎቼ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ከባሕር ዛፉ ጋር አስረው፣ ገመዱን አንገቷ ላይ አዙረው ይጎትታሉ። «ቅዳሜ ፊልሙ ላይ እንዳየነው ሌባዋን እየሰቀልናት ነው» አሉኝ፣ ልክ እንደ ጎበዝ ተማሪ እየተኩራሩ። ቋጠሮውን የፈታሁት በጥርሴ ነው። ልጅቷ ተረፈች፤ ግን ሳምንት ሙሉ ክፍል ውስጥ ቃል አልተነፈሰችም።

የተማሪዎቼን እናቶች ሰበሰብኩ። አብዛኞቹ የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች ነበሩ፤ አማርኛቸው ጥቂት ነው። «በርሲፍቱ» አሉኝ፣ መምህርት ማለታቸው ነው፤ «ያንን ፈኪ አስወግጂልን።» ፈኪ በኦሮምኛ ማንኛውም ምስል ነው፤ ፊልሙንም የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነበር። እኔም እነሱ ያላሉትን ላለመጨመር ብዬ ማመልከቻው ላይ «ልጆቻችንን የሚያበላሸው ስዕል ከከተማው ይወገድልን» ብዬ ጻፍኩ። ተራ በተራ አውራ ጣታቸውን ቀለም እየነከሩ ፈረሙ። ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት የሚሄድ ወረቀት በትምህርት ቤቱ በኩል ማለፍ ስለነበረበት ለምክትሉ ሰጠሁት።

እሱ ወረቀቱን ይዞ በቀጥታ ወደ ኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን አለቃ ሄደ። «የሚሲዮን ሴቶች ቅዱሳት ሥዕላት ይወገዱልን ብለው ፈርመዋል፤ ያስፈረመቻቸውም የእኛዋ መምህርት ናት» አላቸው። ቃሉ የእኔ ነው፣ አልክድም። ተንኮሉ ግን የእሱ ነው። ምን ለማለት እንደፈለግሁ አሳምሮ ያውቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከማስተማር ታገድኩ። ከጎጃም የመጣው አባቴ ያስጠመቀኝ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ሰላምታዬን መመለስ ተዉ። መጋዘኑ ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ በልጆች ጢም አለ።

ምክትሉ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ የገባኝ ያኔ፣ ከእናቶቹ አንዷ ስትነግረኝ ነው። ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ አቡጀዲው አጠገብ ዱላ ይዞ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። አስረጂው እሱ ነበር፤ ነጋዴው ይከፍለዋል።

አለቃው ዘንድ ሄድኩ።

«አለቃ፣ ይወገድ ያልኩትን ስዕል ላሳይዎት።»

«አንቺ ደፋር! እኔን ሲኒማ ልትወስጂኝ?»

«የእመቤታችን ከሆነ ይሳለሙታል። ካልሆነ ይፈርዳሉ።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ምላስሽስ ገና ሚሲዮን አልገባም» አሉና መቋሚያቸውን አነሡ።

ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ገብተን ከኋላ ቆምን። አቡጀዲው ላይ አንዲት ሴት እርቃኗን ለመቅረት ጥቂት በቀረው ልብስ ትጨፍራለች፤ አንድ ሰው እጇን ይዞ ይጎትታታል። ምክትሉ በዱላው እየጠቆመ ያስረዳል። «እዩዋት፣ ልብሷን እቤት ረስታ መጣች! እንቢ አለችው። ልጆች፣ ሴት እንቢ ስትል ምን ትደረጋለች?»

«በጥፊ!» ብለው ጮኹ። የእኔ ተማሪዎች ናቸው፤ ድምፃቸውን ለየሁት።

አለቃው መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «መምህር!» አሉ፣ «እስቲ ለእኔም አስረዳኝ። ይህቺ የትኛዋ ቅድስት ናት?»

ምክትሉ ዱላውን ከአቡጀዲው ላይ አወረደ።

ከዚያ በኋላ አለቃው ለአውራጃው አመልክተው ልጅ በመጋዘኑ በር እንዳያልፍ ተከለከለ። እኔም ክፍሌ ተመለስኩ። ከአውራጃው የመጣው ደብዳቤ አለቃውን አመሰገነ፤ ስለ እኔና ስለ እናቶቹ አውራ ጣት አንድ መስመር አልነበረውም። ይህንንም አልረሳሁም። ምክትሉ ወደ ደምቢ ዶሎ እንዲዛወር ታዘዘ።

ያኔ ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት ሽማግሌዎች እናቴ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ነገሩ አለመግባባት ነበር ብዬ ከፈረምኩለት ዝውውሩ ይቀርለታል።

«ዺሲ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ ትልቁ፤ «ተዪው፣ ልጄ። ሚስቱ እርጉዝ ናት።»

«ምን አድርጌያለሁ ብሎ ላካችሁ?» አልኩ።

ተያዩ። «አንድ ቃል አሳስቼ አነበብኩ ነው ያለን።»

«እንግዲያው ይሂድ። ደምቢ ዶሎም ትምህርት ቤት አለ፤ ማንበብ ተምሮ ይመለስ።»

ሳይመርቁኝ ተነሥተው ወጡ። ነቀምቴ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔ የተማሪዎቼን ደብተር ማረሜን ቀጠልኩ።