እናቴ በአንድ ዓመት ሦስቴ የወለደችው

ኬላ ጠባቂውን ዳኘውን እናቴ ኡምሀኒ እንዴት እንዳታለለችው ያልሰማ ሰው ቡሬ ውስጥ ካለ፣ ዛሬ ጠዋት የተወለደ መሆን አለበት። በርበሬ ስትመዝን ታወራዋለች፣ ሰርግ ላይ ታወራዋለች፤ ጆሯችን እስኪደነቁር።

ነገሩ በደርግ ማብቂያ ላይ ነው። በእኛ አገር አራስ አትፈተሽም፤ የአራስ ጥቅል የሚፈታ ወንድ ነውረኛ ነው። እናቴ ታዲያ ጥይት በጨርቅ ጠቅልላ፣ ቆብ ደፍታበት፣ እቅፍ አድርጋ «ፍኖተ ሰላም እናቴ ዘንድ ልታረስ ነው» እያለች ለታጋዮች ታደርሳለች። ዳኘው ሕፃን ተብዬውን ተቀብሎ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ይልና ያሳልፋታል። በአንድ ዓመት ሦስቴ! «ያለፈው የእህቴ ነበር» ትለዋለች። ድፍረቷ! አራተኛዋ እኔ ናጂሃ ነኝ፤ እኔስ የምር ነኝ።

ዘንድሮ በትግሉ የተሳተፉ ሴቶች ስም በመጽሐፍ ሊወጣ ነው ሲባል እናቴ እንቅልፍ አጣች። ይዣት ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። መዝጋቢዋ ሠርክአዲስ «እማማ፣ ያለ ምስክር አልጽፍም» አለች። ታጋዮቹ የሉም፤ የቀረው ዳኘው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሳምንት ሙሉ አንገራገረ።

«መታለሉን ለማመን አፍሮ ነው» አለች እናቴ፣ ደስ እያላት።

በመጨረሻ ከዘራውን ይዞ መጣ።

«አባባ፣ እውነት አታለውዎታል?» አለች ሠርክአዲስ።

«ማን? እኔን?» ቱግ አለ። «ሕፃን ልጅ ይንቃጨላል እንዴ? ወንድሜ ባምላኩ በረሃ ነበር፤ አውቄ ነው ያሳለፍኳት!»

እናቴ ፊቷ በርበሬ መሰለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ‘ሞኝ አታለልኩ’ ብዬ ስኮራ! ዝም ትላለህ? አልመዘገብም! ናጂሃ፣ ተነሺ እንሂድ!»

«ኧረ እማ፣ በአላህ!» አልኩ። ለካ የእኔም ልብ ስሟን ማየት ይፈልግ ኖሯል፤ ሳላስበው እንባዬ መጣ።

ዳኘው አየኝና ለዘብ አለ። «ባወራ ሁለታችንም እንረሸን ነበር፣ ኡምሀኒ። ይችን ልጅሽን ግን ባቅፋት ቀለለችኝ። ‘ይቺስ ምን ይሆን የያዘችው?’ ብዬ ጥቅሏን ልፈታ ስል አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።»

እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ጻፊኝ፣ ልጄ። እሱንም ጻፊው።»

«እማማ፣ መዝገቡ የሴቶች ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ከእኔ ስም ሥር አድርጊው። አዋላጅ፣ አያ ዳኘው በይ።»