ይህን ምሰሶ ማን አቆመው?

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ልኮራበት ነበር። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ «የንጉሡን ቤት ፍለጋ» ብዬ ጽፌ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። አሁን ሳየው ፊቴን ያቃጥለኛል። ግን አልቀደድኩትም፤ የሆነውን እንደሆነ ልተርከው።

ሥራዬ ለስልክ ጨዋታ ታሪክ መጻፍ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን አንድ የምናብ መንግሥት እየገነባን ነው። ከአክሱም ሳንቲሙን፣ ከጎንደር ግንቡን፣ ከሐረር በሮቹን ተውሰን አገር ሠራን። የንጉሡን አዳራሽ የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ። መሃሉ ላይ ግዙፍ ምሰሶ የቆመበት የጉራጌ ክብ ቤት ይሁን አልኩ። አባቴ የእምድብር ሰው ነው፤ እኔ ግን አዲስ አበባ ተወልጄ ከሰላምታ ያለፈ ጉራጊኛ አላውቅም። በአዳራሹ ልክስ ብዬ መሰለኝ።

መንግሥት ካለ ደግሞ ጠላት ያስፈልገዋል። ከቅጥሩ ውጭ ጫካ ውስጥ የሚኖሩ፣ ጥንብ የሚበሉ፣ አጥር እየዘለሉ የሚገቡ ፍጡራን ፈጠርኩ። ስም ሲጠፋኝ የልጅነቴ አንድ ቃል ትዝ አለኝ። እጄን ሳልታጠብ ማዕድ ስቀርብ አባቴ በዚያ ቃል ይቆጣኝ ነበር። እኔም እንደ ጭራቅ፣ እንደ አያ ጅቦ ያለ ነገር መስሎኝ አደግኩ። ያስፈራል፣ አጭር ነው፣ ጥሩ ስም ይወጣዋል ብዬ ለፍጡራኑ ሰጠኋቸው። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ለምን እንደሆነ እኔም ያወቅኩት ሦስተኛው ቀን ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል በቴሌግራም ለቀቅነው፤ ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ ከሁሉም በላይ ተወደደ። ሁለተኛው ክፍል አዳራሹ ውስጥ የሚካሄድ ስለሆነ፣ እውነተኛው ቤት እንዴት እንደሚሠራ ላይ፣ የእንጨቱንም ድምፅ ልቀዳ ሻንጣዬን አነሣሁ።

ሐሙስ፣ ከአየር ጤና

አውቶብሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ረዳቱ ታሪፉ ላይ ሃምሳ ብር ጨምሮ ሲቀበል አንዲት እናት «ወንበሩም እንዲህ ቢጨምር ጥሩ ነበር» አሉት። ሦስት ሆነን ሁለት ሰው ቦታ ላይ ተቀምጠን ነበር። አጠገቤ ያሉት አዛውንት ሥራዬን ጠየቁኝ።

«ጌም እጽፋለሁ።»

«ጌም ደግሞ ይጻፋል እንዴ? እኔ የሚጫወቱት መስሎኝ!»

አለም ገናን፣ ቱሉ ቦሎን እያለፍን እስከ ወሊሶ ድረስ ስለ መንግሥቴ አስረዳኋቸው። ሳንቲሙን፣ ግንቡን፣ ጠላቱን። የጠላቱን ስም ስጠራ ዞር ብለው አዩኝና «እህ» አሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው እስከ ወልቂጤ አንቀላፉ። ሰለቻቸው ብዬ ነበር።

ወልቂጤ

ሙራድን የማውቀው በቴሌግራም ነው። ስልክ ይጠግናል፤ ከጥገናው ቤት ጀርባ ደግሞ ጌም ቤት አለው። ወጣቶቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረው በየስልካቸው የኔን ጨዋታ ይጫወታሉ። «በለው! ዘለለ! አጥሩ ጋ ነው፣ በለው!» እያሉ ያንን ስም ይጠራሉ፤ በጠሩት ቁጥር ደግሞ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ቀልድ የለበትም እኮ፣ ምን ያስቃቸዋል ብዬ ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ቢሆንም የጻፍኩት ነገር እንዲህ ሲወደድ አይቼ አላውቅም፤ ደረቴ ተነፋ።

«ብሮ፣ ስሙን ግን... ደፋር ነህ ባክህ!» አለኝ ሙራድ ትከሻዬን መታ አድርጎ።

«አመሰግናለሁ» አልኩት። አመሰገንኩት! አያድርስ ነው።

ምሳ ክትፎ ጋበዘኝ፤ ቆጮው ስስ፣ አይቡ ትኩስ ነበር፤ ዋጋው ግን አዲስ አበባን ያስንቃል። ስለ ቤቱ ስጠይቀው ወዲያው ስልክ ቁጥር ሰጠኝ። ጋሽ ከድር የሚባሉ፣ ቡታጅራ አጠገብ መስቃን ውስጥ የሚኖሩ፣ እዚህም አንድ ሎጅ ያቆሙ አናጢ ናቸው። «በምሰሶ የሳቸውን ያህል የለም» አለኝ። ስንለያይ ግን «ጌሙን እንዳታሳያቸው» ብሎ ሳቀ። ሽማግሌ ጌም አይገባውም ማለቱ መሰለኝ።

ዓርብ፣ በአረቅጥ በኩል

ወደ ቡታጅራ በደጋው በኩል ተሻገርኩ። እምድብርን በሚኒባስ መስኮት አየሁት፤ ከቤቶቹ ፊት የተዘረጋውን ሰፊ ሣር፣ ከኋላቸው የተኮለኮለውን እንሰት። የአባቴ ቤት የት ጋ እንደሆነ አላውቅም። አልወረድኩምም።

አረቅጥ ብርዱ አጥንት ይገባል። ትኩስ ወተትና የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላሁ። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ አየሩ እየሞቀ መጣ፤ ቡታጅራ ስንደርስ ሰዉ ከጁምዓ ሶላት ወጥቶ ጎዳናው በባጃጅና በጋሪ ተጨናንቋል። አልጋ ይዤ ለጋሽ ከድር ደወልኩ። «አህለን! ነገ ጠዋት ና፣ ቁርስ እንዳትበላ» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ መስቃን

ባጃጁ በርበሬ የተሰጣባቸውን ደጆች እያለፈ ያስነጥሰኝ ነበር። ጋሽ ከድር ግቢያቸው ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጠው ጥርብ ይጠርባሉ። ቀጭን ሰው ናቸው፤ እጃቸው ግን የሁለት ሰው እጅ ያክላል።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም፣ ግባ ልጄ። የማን ልጅ ነህ?»

የእምድብር ሰው ልጅ መሆኔን ስነግራቸው መጥረቢያውን አስቀመጡ። ቤት አስገቡኝ። ባለቤታቸው ቆጮና ጎመን በአይብ አቀረቡ። ርቦኝ ስለነበር ሳልግደረደር በላሁ። ጋሽ ከድር እሳቸው ሳይቀምሱ ያዩኛል፤ ዓይናቸው እርጥብ ነው።

«ብላ ልጄ፣ ብላ። ደስ አለኝ።»

እንግዳ ወዳድ ሰው ብዬ ሦስተኛ ጊዜ አስጨመርኩ።

ከዚያ ስለ ምሰሶው አስተማሩኝ። ዛፉን ገና በቁሙ ሳለ ነው የሚመርጡት። እንደበቀለ ይተከላል፤ ሥር የነበረው ወደ ታች፣ ጫፍ የነበረው ወደ ላይ። የቤታቸውን ምሰሶ በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ድምፁን አሰሙኝ፣ ቀዳሁት። እንዲህ ያለ ውለታ ተቀብሎ ዝም ማለት ነውር ነው ብዬ፣ የሙራድን ምክር ረስቼ፣ ስልኬን አወጣሁ።

ጨዋታው ሲከፈት አጭር የክራር ዜማ አለው። ዜማው እንደተሰማ ከጓዳ አንዲት ዩኒፎርም የምትተኩስ ልጅ ብቅ አለች። አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ነጃት ናት።

«አባ፣ እሱ ነው» አለች። «ያልኩህ ጌም እሱ ነው።»

«የቱ?»

«ክፍል ስገባ በዚህ ስም ነው የሚጠሩኝ። 'አጥር ዘላ ገባች፣ በላት' ይሉኛል። ድሮም የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቁ ነበር፣ ግን አፍ አውጥተው አይሉኝም ነበር።» ወደ እኔ ዞረች። «ስሙን ማን እንዳወጣው ያውቃሉ?»

አንቱ አለችኝ። ምን እየሆነ እንዳለ ገና በቅጡ ባይገባኝም ጥፋት መሆኑ ገብቶኝ ነበር፤ ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? «ቡድኑ ነው... ተነጋግረን...» አልኩ።

ጋሽ ከድር ድምፃቸውን ሳያነሡ «ቡድን ስም አያወጣም ልጄ፣ አንድ ሰው ነው የሚያወጣው» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ነጃት የብረት ካውያዋን ይዛ እንደቆመች ቀረች። አባቷም ቃሉ ምን እንደሆነ ልክ እንደ ምሰሶው ቀስ ብለው አስተማሩኝ። ጭራቅ አይደለም። እንጨት ጠርቦ የሰው ቤት ለሚያቆም ወገን የወጣ ስድብ ነው፤ የሳቸው፣ የአባታቸው፣ የነጃት ስድብ።

«የአባትህን ወገኖች ቤት እኛ ነን የምናቆመው» አሉ። «ሠርተን ስንጨርስ ደጅ ተቀምጠን ምግቡን በኮባ ቅጠል ነው የሚሰጡን፣ ዕቃቸውን እንዳንነካ። አሁን እየቀረ ነው፤ ግን አልቀረም። አንተ የነሱ ልጅ ሆነህ ቤቴ ገብተህ፣ ከሳህኔ ስትበላ... አውቀህ መስሎኝ ነበር።»

ወይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ይባላል፤ እኔ ሳላጣራ መንግሥት አቋቁሜያለሁ። አላውቅም ነበር ማለት ፈለግኩ፤ እውነትም ነው። ግን አለማወቄን ምን ያደርጉታል? ነጃት ሰኞ ክፍል መግባት አለባት።

ጋሽ ከድር ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። ስክሪኑ ላይ ለሁለተኛው ክፍል ያዘጋጀሁት የንጉሡ አዳራሽ ነበር፤ ክብ ጣሪያው፣ መሃሉ ላይ ምሰሶው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ያምራል» አሉ። «ይህን ምሰሶ ማን አቆመው?»

መንግሥቴ ውስጥ ወታደር አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ጸሐፊ አለ፤ ቤት የሚሠራ ግን አንድም ሰው አልጻፍኩም። ሠሪዎቹን ከቅጥሩ ውጭ አውጥቼ ጥንብ አብልቻቸዋለሁ።

«አጠፋዋለሁ» አልኩ። «ስሙንም፣ ሁሉንም አጠፋዋለሁ።»

«ከስልካቸውም ላይ ያጠፉታል?» አለች ነጃት።

«እሱን አልችልም። አንዴ የጫነው ሰው ጋ ይቀራል።»

ራሷን ነቀነቀችና ወደ መተኮሷ ተመለሰች። ዩኒፎርሙን ለሰኞ ነበር የምትተኩሰው።

እሑድ፣ ወደ አዲስ አበባ

ቡኢ ላይ ሚኒባሱ ጎማ ሲቀይር ለሙራድ ደወልኩ። «ወላሂ አውቀህ መስሎኝ ነው!» አለኝ። «እኛ እኮ ለዚያ ነው የምንስቀው።» እኔ ተሳዳቢውን የምቆጣበት አፍ አልነበረኝም። ስድቡን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ጓደኞቼን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ፍጡራኑን ከነስማቸው አወጣናቸው። በቴሌግራም ቻናላችን ላይ ጥፋቱ የኔ መሆኑን በራሴ ስም ጻፍኩ፤ አንዳንዱ አመሰገነ፣ አንዳንዱ «አሁን ምኑ ይጣፍጣል» ብሎ ወጣ። በሳምንቱ ከጋሽ ከድር ስልክ መልእክት መጣልኝ። «ነጃት ነኝ። አየሁት። ከክፍላችን ሁለት ልጆች አጥፍተውታል። ሌሎቹ ገና ናቸው።» ደጋግሜ አነበብኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ መወጋቴን ሳይሆን መውጋቴን ነው የማልረሳው።

ለአባቴ ያወጋሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለመውቀስ አልነበረም፤ እሱ ከአባቱ የሰማውን ነው ያወረሰኝ። ስጨርስ ልክ ጋሽ ከድር እንደጠየቁኝ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ የእምድብሩን ቤት ምሰሶ ማን አቆመው?»

«አንድ ሰውዬ ነበር። ሳቂታ ነው፤ ለኛ ለልጆቹ ከፍልጥ መጫወቻ ይሠራልን ነበር።»

«ስሙስ?»

ስሙን አያውቀውም። በዚያው ቃል ብቻ ነበር የሚጠሩት። በማግስቱ ራሱ ደወለልኝ፤ ታላቅ እህቱን ጠይቋት ኖሯል፤ አጎቴንም፣ ጎረቤት የነበሩትንም ጠይቋል። የሰውየውን ስም አንዳቸውም አያውቁትም።

«ቤቱስ?» አልኩት።

«ቤቱማ ይኸው አለ» አለኝ አባቴ። «ምሰሶው ንቅንቅ አላለም።»