የዳማው ኮርቻ ልክ

ባለፈው ሳምንት ደምበጫ ወርጄ ወደ አባቴ ቤት የሚወስደኝ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የቆመ የጋሪ ፈረስ ጀርባ ላይ መዳፍ የምታህል ነጭ ጠጉር አየሁ። ፈረሱ ቀይ ነው፤ ነጩ የበቀለው ድሮ ቁስል በነበረበት ቦታ ነው። የባጃጁ ሹፌር "እትዬ፣ ይሄዳሉ አይሄዱም?" እስኪለኝ ድረስ እዚያው ፈዝዤ ቀረሁ። ሰሞኑን እንዲህ ነኝ። ድካም ነው መሰል፣ የቆምኩበት እቀራለሁ።

ልጅ እያለሁ እኛም ቤት እንዲህ ጀርባው የነጣ ፈረስ ነበረ። ስም አላወጣንለትም፤ በመልኩ ዳማው እንለው ነበር። አባቴ ከከተማው ርቆ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። እግሩ በልጅነቱ ተሰብሮ እንደ ነገሩ ስለ ገጠመ ረጅም መንገድ አይችልም፤ የሚያደርሰው ዳማው ነው። እኔም እዚያው አራተኛ ክፍል ስለምማር ከኋላው እፈናጠጣለሁ። የፈረስ ላብ፣ የእርጥብ ቆዳና የአባቴ ካፖርት ሽታ ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ ዛሬም ድረስ ወደ ትምህርት ቤት የምንወጣበት ጠዋት ይመስለኛል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል አጎቴ "ለቅሶ ልደርስበት" ብሎ ዳማውን ተዋሰና በቆሎ ጭኖበት መጣ። ዳማው ገጣባ ሆነ። የዛሬ ልጆች ቃሉን ላያውቁት ይችላሉ፤ ጀርባው በጭነት ተልጦ የቆሰለ የጋማ ከብት ማለት ነው፣ በእኛ ሰፈር ለሰውም ስድብ ነበር። እናቴ ክረምቱን ሙሉ በጨው ውኃ እያጠበች አስታመመችው። መስከረም ላይ ቁስሉ ደርቆ ነጭ ጠጉር አበቀለ። እኛም ዳነ ብለን ተደሰትን።

አያ ጥሩነህ ግን አልተደሰቱም። ኮርቻውን የሠሩት እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቆጥረዋል ይባላል፤ እኔ ሳውቃቸው ግን ሽማግሌ ነበሩ፣ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶት ነበር። ኮርቻውን ጭነው ጎንና ጎኑን ዳበሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይኼ ኮርቻ የሚያውቀው የድሮውን ዳማ ነው። ይኼኛው ሥጋው አልቋል፣ ሌላ ፈረስ በለው" አሉት አባቴን።

ልኩን የሚያወጡበት መላ ነበራቸው። አመድ በወንፊት ነፍተው በዳማው ጀርባ ላይ ይበትናሉ። ከሥሩ የሚነጠፈውን ጨርቅ፣ ግላሱን፣ ትተው ኮርቻውን ቀስ አድርገው ያሳርፉና ጫን ብለው መልሰው ቀጥ አድርገው ያነሡታል። ኮርቻው ያረፈበት ቦታ አመዱ ተጠርጎ ይነሣል። በግራና በቀኝ እኩል ቢነሣ ደግ ነው፤ በአከርካሪውና በጠባሳው ላይ ያለው ግን እንደ ተበተነ መቅረት አለበት። እዚያ ከተነካ ኮርቻው ቁስሉን ይጫነዋል ማለት ነውና እንጨቱን ይጠርባሉ፣ የኮርቻውን የውስጥ ትራስ፣ ድልድሉን፣ ፈተው የበግ ጠጉር ይሞሉበታል፣ ለሚቀጥለው ዓርብ ይቀጥሩናል። እሳቸው ስለማያዩ አመዱን አይቼ የምናገረው እኔ ነበርኩ። አባቴ ፊት ለፊት ቆሞ ልጓሙን ይይዛል።

"ልክ ነው?" ይላሉ።

ሦስት ዓርብ "አይ፣ ጠባሳው ተነክቷል" አልኳቸው።

በዚያ መካከል በእግራችን ነበር የምንሄደው። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተን፣ ጭቃውን እያቦካን፣ እኔ የሁለታችንንም ቦርሳ አንግቼ። አባቴ ዳገት ላይ ሲደርስ ድንጋይ ፈልጎ ይቀመጥና "ይኼ ጤፍ ዘንድሮ አምሯል" ይላል። የማንም ጤፍ ይሁን፣ ቢያምርም ባያምርም። አሞኛል ማለት አይወድም። ርዕሰ መምህሩም ስላረፈደ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆት ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ ደብተሬ ላይ ተደፍቼ እተኛለሁ።

በአራተኛው ዓርብ ኮርቻው ሲነሣ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ግራና ቀኙ እኩል ነው። ጠባሳው ላይ ግን የአውራ ጣት ያህል ቦታ አመዱ ተጠርጎ ነጩ ጠጉር ይታያል። የሰኞው ዳገት ትዝ አለኝ።

"ልክ ነው?"

"ልክ ነው" አልኩ።

በእኛ ቋንቋ ልክ መጠንም ነው፣ እውነትም ነው። ቅኔ ያወቀ ሰው ሲጠይቅ ሁለቱንም ነው የሚጠይቀው፤ እኔም በአንድ ቃል ሁለቱንም ዋሸሁ። አያ ጥሩነህ ጥቂት አመነቱ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንድ ሳምንት ብትታገሥ?" አሉት አባቴን። አባቴ ዓይኑን ከልጓሙ ሳያነሣ "ልክ ነው አለች እኮ፣ አያ" አለ።

ሰኞና ማክሰኞ ተፈናጥጬ ሄድኩ፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ረቡዕ ዳማው ዳገቱ ላይ ጀርባውን አጉብጦ አልሄድ አለ። ወርደን ግላሱን ስናነሣው ጠባሳው ፈንድቶ ደምና መግል ተጣብቆበታል። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አያ ጥሩነህ መጥተው ቁስሉን በጣታቸው ዙሪያውን ነኩትና "ጥፋቱ የእኔ ነው። በማያይ ዓይን ኮርቻ አይሠራም" አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ መጥረቢያቸውን ሰቀሉ፤ ለማንም ኮርቻ አልሠሩም። ዳማውም ዳግመኛ ሳይጫን በሁለተኛው ዓመት ሞተ። አባቴ ከተማው ውስጥ ወዳለ ትምህርት ቤት እስኪዛወር ድረስ በከዘራው ተመላለሰ።

ያን ሁሉ ዘመን ለማንም አልተናገርኩም። ባለፈው ሳምንት ግን አባቴ ቤት ገብቼ ስለ ጋሪው ፈረስ ስነግረው፣ ሳላስበው ያም ተከትሎ ወጣ። አባቴ ጉልበቱን እያሸ ጨርሼ እስክናገር አዳመጠኝ።

"አመዱን እኔም አይቼዋለሁ" አለ።

"መቼ?"

"ያን ዕለት ነዋ። ልጓሙን ይዤ አንገቴን ሳቀና አየሁት። ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁሽ፤ ልክ ነው ስትዪ ደስ አለኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ።"

የጥፋት ተካፋይ ማግኘት ያሳርፋል ሲባል እሰማ ነበር። እኔን አላሳረፈኝም። ያን ጊዜ አባቴ አሁን እኔ ካለሁበት ዕድሜ ያነሰ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ግን ትልቅ ሰው የሚደክመው እግሩን ብቻ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ጉልበቱን ማሸቱን ተወና "አያ ጥሩነህ ግን ዓይናቸውን እንደ ረገሙ ሞቱ" አለ።

ቤታቸው ከእኛ ቤት ያን ጊዜ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። ዛሬ በባጃጅ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ የሚነገረው ሰው ግን የለም።