የአራስ ቤት ዘበኛ

ጌጃ ሰፈር ትክትክ ገባ ሲባል እንቅልፍ አጣሁ። ልጃችን ገና ክትባት አልጀመረም። የመንገዱን አቧራ እየቃምኩ በር ላይ ቆሜ፣ አራስ ጠያቂውን ሁሉ «ያስልዎታል?» እላለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ገንፎ ይዘው መጥተው አንዴ እህህ ቢሉ፣ ገንፎውን ተቀብዬ እሳቸውን መለስኩ። ሰፈሩ አኮረፈኝ።

ልጁ ግን ማሳል ጀመረ። ከባለቤቴ ጋር ጤና ጣቢያ በረርን። ልጁን አቅፌው ነርሷ ደረቱን ስታዳምጥ እኔን አሳለኝና ዞር አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

«እርስዎንስ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስልዎት?»

«የኔ የአቧራ ነው! በልጅነቴ ተከትቤያለሁ።»

«ክትባቱ ዕድሜ ልክ አይጠብቅም። ጀርሙም ከክትባቱ ለማምለጥ መልኩን ይለዋውጣል፤ አዋቂ ላይ ተራ ሳል መስሎ ይመጣል። አሁን ልጁን ለእናቱ ይስጡና ከበር ውጭ ይጠብቁ።»