ኃይለመለኮትና የእንቅልፍ ማሽኑ

ከፈለ፣ ኃይለመለኮትን በደንብ አውቀዋለሁ ብሎ አይምልም። ጁባ ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ አብረው የውሃ ቦቴ ነድተዋል፤ ጉምቦ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። ሰውየው ግን የተወለደበትን አገር እንኳ አንድ ጊዜ ደሴ፣ ሌላ ጊዜ ደብረ ብርሃን ይላል። ከፈለ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ማንኮራፋቱን ነው።

ማንኮራፋት ብቻ ቢሆን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ትንፋሹ መሐል ላይ ቀጥ ይላል። ከፈለ በግድግዳው ማዶ ሆኖ መቁጠር ይጀምራል፤ ሃያ፣ ሃያ አምስት... ከዚያ ከውሃ እንደወጣ ሰው አየር ስቦ ይመለሳል። ቀን ደግሞ ወንዙ ዳር ለመቅዳት ሲሰለፉ መሪው ላይ ይደፋል። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ከኋላ ያለው ሾፌር ወርዶ ታንከሩን በድንጋይ መደብደብ ለምዷል። «ያ ሐበሻ፣ ጉም!» ይሉታል የፓምፑ ሠራተኞች፣ ተነሣ ለማለት። እሱም ብንን ብሎ፣ «እየጸለይኩ ነው» ይላል።

ባለፈው ወር የጁባው ነጭ ዓባይ ድልድይ ላይ፣ ሙሉ ውሃ እንደጫነ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት፣ አንድ ሞተረኛ ከጎማው ሥር ለጥቂት ተረፈ። የመኪናው ባለቤት ወይዘሮ አባይነሽ ቁልፉን ሊቀሙት ሲሉ፣ «ታክሞ ይነዳል፣ እኔ አለሁ» ብሎ የለመነ ከፈለ ነው። እሳቸውም አንድ ወር ሰጡ። ወሩ በሚያልቅበት ሰኞ፣ ድኗል ወይም አልዳነም ብሎ የሚነግራቸው ዋስ የሆነው ከፈለ ነው።

ኃይለመለኮት አዲስ አበባ ሄዶ ተመረመረ። ሐኪሟ ማህደር ስታስረዳው፣ ምስክር እንዲሆነው ጁባ ለቀረው ከፈለ ደውሎ አሰማው። ጉሮሮን በቀዶ ጥገና ማስፋት ይቻላል፤ ግን ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም፤ ቁስሉም ቀላል አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሲተኛ በጭንብል አየር የሚገፋለት ማሽን፣ ክብደት መቀነስ፣ የማታ ቢራውን መተው። ካልሆነ ስለ ቀዶ ጥገናው እንነጋገራለን አለችው።

ማሽኑን ይዞ ተመለሰ።

«ቢላዋውን ለምን ፈራችው? አይድንም ብላ ነዋ!» አለ።

«ቀዶ ጥገና ብትልህስ ኖሮ?»

«ያኔማ መለማመጃ ልታደርገኝ ነው።»

«አንተ መቼም አታምን፣ ጋሽ ኃይሌ!»

«ማሽኑን የሚሸጠው ወንድሟ ቢሆንስ? ጠይቀሃል?»

የግቢው ጄኔሬተር በጊዜ ስለሚጠፋ፣ ማሽኑን ከቦቴው ባትሪ ጋር አያይዞ ጋቢና ውስጥ መተኛት ጀመረ። በሦስተኛው ጠዋት ባትሪው አልቆ መኪናው አልነሣ አለ። ከፈለ ከራሱ ቦቴ ባትሪ ኬብል ዘርግቶ አስነሣለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በየጠዋቱ በአንድ ቁልፍ ይነሣል። ከፈለን ያስጠረጠረው ይሄ ነው፤ ማሽኑ ሌሊቱን ሲሠራ ካደረ ባትሪው ለምን አያልቅም? «ሌላ ባትሪ አግኝቻለሁ» ይላል ኃይለመለኮት፤ ባትሪውን ያየ ሰው የለም። መስታወቱን ዘግቶ ስለሚተኛ ማንኮራፋቱም አይሰማም። ወረፋ ላይ ደግሞ ጥቁር መነጽር ማድረግ ጀምሯል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከፈለ ጋቢናው በር ላይ ቆመ።

«ስንት ሰዓት እንደሠራ ማሽኑ ራሱ ይመዘግባል ብላለች ሐኪሟ። እስቲ አሳየኝ።»

«አሃ! ይሄ ቦቴ አማረህ?» አለ ኃይለመለኮት። «ከአንተ አሮጌ ይሻላል መቼስ።»

ከፈለ ፊቱ ጋለ። አስቦት ያውቃል፤ አንድ ቀን ብቻ።

«ቦቴው ገደል ይግባ። ነገ ወይዘሮ አባይነሽ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ልዕልት በየቀኑ ኮሎሎ ሰፈር ወዳለው ሥራዋ ስትሄድ በሞተር ድልድዩን ትሻገራለች። ከኋላዋ የምትነዳው አንተ ብትሆን፣ አልስጋ?»

ኃይለመለኮት ጭንብሉን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ቱቦውን በጣቱ ጠቀለለ፤ መልሶ ፈታው።

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ፤ እኔ ራሴንም አላምንም» አለ።