ከድንጋይዋ ሴት ፊት

ባለቤቴ ጉባ፣ ግድቡ ጋ በብየዳ ሥራ ላይ ነው። ወደ አሶሳ የሚመጣው ፈቃድ ሲያገኝ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሲመጣ፣ ከካምፑ ሥራ ለቆ ከሄደ ሰው የገዛውን ያገለገለ ኮምፒውተር ይዞ መጣ። ለልጃችን ትምህርት ብሎ ነበር። ውስጡ ግን የሸጠለት ሰው የተወው ጨዋታ ተገኘ፤ አባትና ልጅም ፈቃዱ እስኪያልቅ ከፊቱ አልተነሱም።

ጨዋታው ውስጥ ካባ የለበሰች፣ ሰይፍ የታጠቀች አንዲት ልጅ አለች። የምናያት ከኋላዋ ነው። ጫካውን፣ ወንዙን፣ ክንፍ ያላቸውን አውሬዎች እያለፈች ወደ አንድ ረጅም ድልድይ ትሄዳለች። ድልድዩን እሳት የሚተፋ ፍጡር ይጠብቀዋል። ባለቤቴ ወደ ጉባ የሚመለስ ዕለት ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ «ስመጣ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ታሳዪኛለሽ» አላት ልጃችንን።

«ወላሂ አሳይሃለሁ፣ አባ» አለችው።

ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቃል ከሰጠች ሰጠች ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት የደረቀ ልብስ ይዤ ስገባ፣ ባለካባዋ ልጅ ከአንዲት የድንጋይ ሴት ፊት ተንበርክካ፣ አንገቷን ደፍታ አየሁ።

«ምን እያደረገች ነው?»

«ሴቭ እያደረገች ነው፣ ኡሚ። እዚህ ካልተንበረከከች ጨዋታው የደረሰችበትን አይዝላትም። ብትሞት ወይ መብራት ቢሄድ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።»

«ሌላ መንገድ የለውም?»

«የለውም።»

«በዚህ ቤት ለድንጋይ የሚንበረከክ የለም» አልኳት።

«ኡሚ ደግሞ! ጨዋታ እኮ ነው። የተንበረከከችው እሷ ናት እንጂ እኔ ነኝ?»

«የሚያንበረክካት ጣት የማን ነው?»

ጣቷን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ልብሱን አስቀምጬ ውዱእ ላደርግ ወጣሁ፤ የአሱር ሶላት ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳነውም።

ክረምት ገባ። በክረምት ሰማዩ ገና ሲያጉረመርም መብራት ይሄዳል። ሌላው ሰው ለምዶታል። ልጄ ግን ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ታሳርፋለች። መብራት ሲመለስ እንደገና ትቀመጣለች። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሥራዋን ትሠራለች፣ ሶላቷን አታሳልፍም፤ የምቆጣበት ምክንያት አጣሁ። ከባምባሲ የመጣችው ጎረቤቴ ግን በሩ ላይ ቆማ ታያትና ዝም አትልም።

«ያ ረቢ! ይቺ ልጅ ሳጥኑን ልታገባው ነው እንዴ?»

«ጥሎሽ ካመጣ ምን ቸገረኝ» አልኳት።

«ጥሎሹማ መነጽር ነው! ዓይኗን አጥፍቶ መነጽር ይገዛላታል።»

ልጄ ሳትዞር ሳቀች።

አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ለውዝ ስፈለፍል ስክሪኑን አየሁ። ያው ወንዝ፣ ያው የወደቀ ግንድ ነው።

«ይቺ ልጅ ይህን ወንዝ ተሻግራ አትጨርስም? ድልድዩስ የት ሄደ?»

«መብራቱ አያደርሰኝም፣ ኡሚ። ከድንጋይዋ ፊት አላንበረክካትማ። አይሆንም ብለሽኝ የለ?»

«ከአባትሽ ጋር የደረሳችሁበትስ?»

«አጠፋሁት። እሱም በመንበርከክ የተያዘ ነበር።»

ይህን ያለችኝ ዓይኗን ከወንዙ ሳታነሳ ነው። ድምፅዋ ቅሬታ አልነበረውም። እኔ ያን ቀን ከተናገርኩ በኋላ ትታዘዝ እንደሆነ አላጣራሁም፤ ብቻዋን በምትቀመጥበት ክፍል የፈለገችውን ብታደርግ የሚያውቅባት ሰው አልነበረም። ለውዙ እጄ ላይ ቀረ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፣ በልቤ።

ክልከላዬን አላነሳሁም። እሷም አንሺልኝ አላለችም። ባለቤቴ ደግሞ ቅዳሜ እንደሚመጣ ሲደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀው ስለ ድልድዩ ነበር። ስልኩን ሰጠኋት። «አንተ ብቻ ና» አለችው።

ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጀመረች። ውሃ መቅዳቱን፣ ዕቃ ማጠቡን እኔ ያዝኩላት። ፍሪጁንም ከሶኬቱ ነቀልኩት፤ መብራቱ የሚበረክትላት መስሎኝ ነበር።

«ኡሚ፣ መብራት እኮ እንደ ውሃ በበርሜል አይጠራቀምም!» ብላ ሳቀችብኝ። ቢሆንም አልሰካሁትም።

ዙሁር ሲደርስ ባለካባዋን ከአንድ ዛፍ ሥር አቁማ ልትሰግድ ተነሳች። እስክትመለስ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩላት፣ ዶሮዎቻችን እንኳ ወደ ሽቦው እንዳይጠጉ። ባለካባዋ ከዛፉ ሥር ሆና ትተነፍሳለች፤ ካባዋ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዳች ነገር መጥቶ እንዳይነካት ፈራሁላት።

ባለቤቴ የመንገዱ ጭቃ ሳይለቀው ገባ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ቀጥታ ወደ ልጁ ሄደ።

«የት ደረስሽ?»

«ድልድዩ ላይ ነኝ። አሁን አታናግረኝ፣ አባ!»

ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል። እኔ አሱር ልሰግድ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከሶላቱ በኋላ እጄን አንስቼ፣ መብራቱን ጥቂት እንዲያቆይላት ለመንኩ። ለጨዋታ ዱዓ ይደረግ እንደሆነ አላውቅም። እኔ የለመንኩት ለልጄ ነው።

መስገጃዬን ሳላጥፍ «ኡሚ! ኡሚ!» ስትል ሰማሁ።

እሳት የሚተፋው ወድቋል። ባለካባዋ ድልድዩን ጨርሳ ማዶ ቆማለች። ማዶው መንደር ነው፤ የሣር ቤቶች፣ ጭስ፣ ወደ በረት የሚገቡ ፍየሎች።

«ይሄ ሁሉ ድካም መንደር ለመግባት ነው?» አለ ባለቤቴ።

«አንተስ ከጉባ ድረስ የመጣኸው ለምን ሆነና?» አለችው።

ራሷን ዳበሳት። ከመንደሩ መግቢያ ሌላ የድንጋይ ሴት ቆማ ነበር። «እዚህ ጋ ትንበርከክና ይያዝልሽ እንጂ፣ ያን ጊዜ እንዳሳየሽኝ» አላት።

ልጄ ወደ እኔ አልዞረችም።

«አባ፣ አየህ አይደል?»

«አየሁ።»

«በቃ።»

ማውሱን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ባለካባዋ ወደ እኛ ዞረች፤ ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ልጅ ናት፣ ደክሟታል። አይቼ ሳልጠግባት ነጎድጓዱ መጣና ስክሪኑ ጠፋ።



«እኛ ጉባ ላይ ለዚህ ነው የምንበይደው?» አለ ባለቤቴ።

ልጄ ሳቀች። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አላሳረፈችም። ለአባቷ የእግር ውሃ ልታመጣ ተነስታ ወጣች። እኔም ሳላጥፈው ወደተውኩት መስገጃ ተመልሼ፣ ለምስጋና ግንባሬን አሳረፍኩ።